የመንዝ ፈረስና ቤተ ሰቡ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተጓዘ መንገደኛ፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯትን ደብረ ብርሃንን ያገኛል። ከዚያ እስከ ጣርማ በር ወጥቶ የደሴን መንገድ በመተው ወደ ግራ ሲታጠፍ የመንዝ ምድር ይቀበለዋል። አባቶቻችን ይህን አገር ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ብለው በሦስት ከፍለው ይጠሩታል። ከእርሱ በስተ ሰሜን ግሼ፥ በስተ ምዕራብ ደግሞ በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል የተቀመጠው መርሐ ቤቴ ይገኛሉ። መንዝና ግሼ ነፋስ የማያርፍባቸው፥ ውርጭ የሚወርድባቸው፥ ገብስና በግ የሚበረክትባቸው ደጋዎች ሲሆኑ፥ የመርሐ ቤቴ ሸለቆዎች ግን ወደ ሙቁ ቆላ ይወርዳሉ። በዚህ ሁሉ አገር መንደርን ከገበያ፥ ዘመድን ከዘመድ፥ ምእመኑንም ከደብሩ ሲያገናኝ የኖረው ፈረስና የፈረስ ልጅ በቅሎ ነው።

በዚያ አገር ፈረስ ለጌጥ ብቻ አይያዝም። የመኪና መንገድ ሞላሌንና መሐል ሜዳን ቢያገኝም፥ ብዙዎቹ መንደሮች ከመንገዱ ርቀው በገደል አፋፍና በሜዳ ላይ ተበትነው ይኖራሉ። ስለዚህ ገብሱን ወደ ገበያ የሚያወጣ፥ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፥ ሽማግሌውን ለዕርቅ የሚወስድ ይኸው እንስሳ ነው። በመከር ጊዜም በዐውድማ ላይ እየዞረ እህሉን ያበራያል። አገራችን ከአፍሪካ አገሮች መካከል ብዙ ፈረስ ካላቸው አንዷ ስትሆን፥ የእንስሳት ዐዋቂዎች መርምረው ስምንት ዓይነት የፈረስ ዘር ለይተውባታል። የደጋው ፈረስ ቁመቱ አጭር ነው፤ ነገር ግን ኮቴው ጽኑ፥ ብርዱን ቻይ፥ በጥቂት መኖ የሚያድር ነው።

ፈረስ በታሪካችንም ውስጥ የከበረ ስፍራ አለው። ጀግናው በፈረሱ ስም ይጠራ ስለ ነበረ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ስንገባም ሰማዕቱን ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ፥ ቅዱስ መርቆሬዎስን በጥቁር ፈረስ ተቀምጠው እናያቸዋለን። አንባቢ ሆይ፥ የቀድሞውን ሥዕል አስተውለህ ብትመለከት ሰማዕታቱ በባዶ እግራቸው የእርካቡን ቀለበት በአውራ ጣታቸው ይዘው ታያለህ። ሠዓልያኑ የሣሉት በአገራቸው ያዩትን አቀማመጥ ነበርና።

እኛም በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ከልጆቻችን ጋር ወደ መንዝ ሄደን፥ ከመሐል ሜዳ ወዲያ በሚገኝ መንደር በአንድ ባላገር ቤት ጥቂት ቀን ሰነበትን። ቤተ ሰቡ ባልና ሚስት፥ ሦስት ልጆችና ቆብ የደፉ አሮጊት እናት ናቸው። ከእነርሱም ጋር አንድ ዳማ ፈረስ፥ አንዲት በቅሎና ያረጀች ባዝራ ይኖራሉ። ማታ ማታ ውርጩ ሲበረታ ሦስቱም ወደ ጋጣ ይገባሉ፤ ጋጣውም ከመኖሪያው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ስለ ሆነ፥ ሰው እራት ሲበላ ፈረሱ ገለባውን ሲቆረጥም ይሰማል።

በማግሥቱ ባለቤቱ ፈረሱንና በቅሎዋን ጭኖ ወደ ጓሳ ወሰደን። ከመጫኑ በፊት ግን የፈረሱን ጀርባ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ በመዳፉ ዳሰሰ። «ገጣባ ከጀመረው ዛሬ አይጫንም፤ እናንተም በእግራችሁ ትሄዳላችሁ» አለን። ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ሲያገኘው አጎዛውን አነጠፈ፥ ኮርቻውን ጫነ፥ ልጓሙንም በእጁ አሙቆ አጎረሰው። በብርድ የቀዘቀዘ ብረት ለፈረስ አፍ ሕመም እንደ ሆነ ልጆቻችን ያን ጊዜ ተማሩ።

ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ ከፍታው ከ3200 እስከ 3700 ሜትር የሚደርስ ሜዳና ኮረብታ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው፤ ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይህን ምድር ለዓመታት እየዘጉ፥ በተወሰነ ጊዜም እየከፈቱ ጠብቀውታል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ ምክንያት ቢፈርስም፥ ሕዝቡ በኋላ በአዲስ መልክ ጥበቃውን ቀጥሏል። በዚያ ጅብራው እንደ ዓምድ ቆሞ፥ የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ፥ ቀይ ቀበሮም አይጥ ሲያደባ አየን። ፈረሱ የረገጠውን መሬት እያሸተተ በረግረጉ ዳር ዞሮ አሳለፈን። ባለቤቱ ዛቡን ልል አድርጎ ይዞ «እርሱ ከእኔ ይልቅ መንገዱን ያውቃል» አለ።

ወደ መርሐ ቤቴ ስለሚወርደው መንገድ በጠየቅነው ጊዜ ግን ፊቱ ከበደ። ከክረምት መውጫ ጀምሮ ቆላው እስኪደርቅ ድረስ ፈረሱን ወደ ጀማ ሸለቆ አያወርድም። ጉዳይ ቢኖረው ፈረሱን በአፋፉ ላይ ከወዳጁ ዘንድ ትቶ በእግሩ ይወርዳል። ይህ ልማድ ከእውቀት ጋር የሚስማማ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተባለው ደዌ በዝናብ ጊዜ በሙቅና በርጥብ ስፍራ በሚራቡ ጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች ይተላለፋል። ደዌው ከያዛቸው 100 ፈረሶች ከ70 እስከ 95 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል፤ በቅሎ ከፈረስ ይሻላል፥ አህያም አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። መድኃኒት ባይገኝለትም መከላከያ ክትባት አለው፤ ክትባቱም በአገራችን በቢሾፍቱ ይዘጋጃል።

በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ ጎረቤት መጥቶ እሳት ዳር ተቀመጠና ስለ ባዝራይቱ ነገር አነሣ። «ወንድሜ፥ ይህች ባዝራ ከእንግዲህ ምን ትሠራልሃለች? ዘንድሮ ገብሱ ሳስቷል። ያለህን ለሚሠራው ስጥ፤ እርሷን ሜዳ ልቀቃትና እግዜር ያውቃል» አለው። ባለቤቱ መልስ አልሰጠም፤ የጎተራውን ነገር እርሱም ያውቃልና። የተናገሩት እማሆይ ናቸው። «ልጄ፥ ሜዳ ልቀቃት ማለት ለጅብ ስጣት ማለት እንደ ሆነ አንተም አታጣውም። እግዜርንስ ለምን ትጨምረዋለህ?» አሉት።

ጎረቤቱ አፍሮ ዝም ቢልም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተናገረው ብዙዎች የሚያደርጉትን ነው። በከተማ ዳርና በአውራ መንገድ ላይ ጋሪ የሳቡና ጭነት የተሸከሙ ፈረሶች ሲያረጁ ወይም ሲሰበሩ ተጥለው እናያለን። ሥጋቸው አይበላም፥ መኖው ውድ ነው፥ ለባለቤቱም ልጆቹ ይቀድሙበታል። ችግሩ እውነተኛ ስለ ሆነ በቁጣ ብቻ የሚፈታ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የቤቱ እመቤት ከምጣዱ ቀና ብላ ነገረችን። ከዐሥር ዓመት በፊት በነሐሴ ሌሊት ምጥ ጸንቶባት ነበር። በዶፉ ዝናብ አራት ሰዓት ሙሉ ይህች ባዝራ ተሸክማ፥ ወንዝ አሻግራ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። «አንድ ጊዜ እንኳ አላደናቀፋትም። ይህችም ልጅ በእርሷ እግር የመጣች ናት» ብላ ወደ ታናሺቱ ልጇ አመለከተች። ልጅቱም ይህን ታሪክ ደጋግማ የሰማች መሆኗ ከፊቷ ይታወቅ ነበር፤ ተነሥታ ወደ ጋጣው ገባች።

ባለቤቱ ብዙ ቆይቶ ፍርዱን ሰጠ። «ለፋሲካ ያሰብነውን ሙክት ገበያ አውጥተን ድርቆሽ እንገዛለን። ለበዓሉ ዶሮ ይበቃናል» አለ። ከልጆቹ አንዱ ፊቱን አጨፈገገ፤ ሙክቱን ሲቀልብ የከረመው እርሱ ነበርና። ነገር ግን የተቃወመ የለም። በማግሥቱም ማለዳ ጎረቤቱ አንድ ሸክም ገለባ አምጥቶ ከደጃፉ ጣለና ቃል ሳይናገር ሄደ።

ባዝራይቱ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ኖራ በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ በጋጣዋ ውስጥ እንደ ሞተች፥ ልጆቹም ከጎረቤት ጋር ሆነው ጉድጓድ ቆፍረው እንደ ቀበሯት ሰማን።

ጠቢቡ ሰሎሞን ጻድቅ ሰው ለእንስሳው የሚራራ መሆኑን አስተምሯል። የኦሪት ሕግም በሰንበት ሰው ብቻ ሳይሆን በሬና አህያም እንዲያርፉ ያዝዛል። ስለዚህ እንስሳ ያለው ክርስቲያን ቤተ ሰብ ጭነቱን ይመጥን፤ ገጣባውን ሳያድን አይጫን፤ ውኃውንና ክትባቱን በጊዜው ያድርስ፤ በሰንበት ያሳርፈው። የእርጅናውንም ቀለብ ገና ጉልበት ሳለው ያስብለት፤ ከሚያስገኘው ገንዘብ ጥቂቱን ለዚያ ቀን ያኑርለት። ፈረስና ጋሪ የሌለን የከተማ ሰዎችም ዕቃችንን በጋሪ ስናስጭን ዋጋ ለመቀነስ ብለን ጭነት አናብዛ። ልጆቻችን ርኅራኄን የሚማሩት ከምንነግራቸው ይልቅ፥ ከማይናገረውና ብድር ከማይመልሰው ፍጥረት ጋር በምንኖርበት አኗኗር ነው።