እየሄደ የሚጠፋ ሞተር

መኪና እየሄደ ሲጠፋ ብዙዎች ወዲያው የሚፈርዱት በቤንዚን ፓምፑ ላይ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት አጠፋፉ ነው ባይ ነኝ። እየተንተፋተፈ፣ ጉልበት እያጣ ከጠፋ ነዳጅ ሳያጥረው አይቀርም፤ ፊልትሮውና ፓምፑ ይፈተሹ። ቁልፍ እንደተዘጋበት ድርግም ካለ ግን የሚጠረጠረው ኤሌክትሪኩ ነው። በተለይ ሲግል ጠፍቶ፣ ሲበርድ ምንም እንዳልነበረ የሚነሳ ከሆነ ቦቢናውንና የክራንክ ሻፍት ሴንሰሩን ነው የማየው። የሴንሰሩ ጥቅል ሽቦ በሙቀት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ የሞተሩን መዞር ስለማያይ እሳቱንም ነዳጁንም ይከለክላል።

«ማሽን ሰክቶ ኮድ ማንበብ አይበቃም ወይ?» የሚሉ አሉ። የክራንክ ሻፍት ሴንሰሩ ኮድ፣ ፒ0335፣ ከወጣ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ግን ወደ ሴንሰሩ የሚሄድ የተበጠሰ ሽቦም ያንኑ ኮድ ያወጣል፣ የደከመ ፓምፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ኮድ አይመዘግብም። ስለዚህ መኪናው ከመንገድ ዳር ከቆመ በኋላ (ሞተሩ ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም እንደሚከብዱ አይረሳ) ገና ሳይበርድ የካንዴላው እሳትና የነዳጁ ግፊት ቢታዩ ይሻላል። ጋራዥ እስኪደርስ ሁሉም ጤነኛ ይሆናል፤ ያኔ መካኒኩ ከመገመት ሌላ ምን ያድርግ? «ፓምፑን ቀይረን እንሞክረው» ማለት ርካሽ የሚመስለውም ምርመራው ዋጋ እንዳለው ስለማይታሰብ ነው፤ ደህናው ፓምፕ ተጥሎ፣ የታመመው ሴንሰር እዚያው ይቀራል።