የሥዕል መጽሐፍና የቤታችን ሕፃን

ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ብዙ ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምናቀርብላችሁ ግን ታላቅ ምክር ሳይሆን በገዛ ቤታችን የደረሰ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም የአራት ዓመት ልጃችን በአንድ የሥዕል መጽሐፍ ምክንያት እኛን ወላጆቿን ያስተማረችን ትምህርት ነው።

ቀድሞ የምንኖረው በካዛንቺስ ነበር። ስሙ ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ የመጣ መሆኑን ከእናንተ ብዙዎቹ ያውቃሉ። ግቢያችን ጠባብ ቢሆንም በአንዱ ጥግ የጽድ ዛፍ፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ጤና አዳምና ዳማከሴ ነበረበት። በ2017 ዓ.ም. ነባሩ ሰፈር ለኮሪደር ልማት በፈረሰ ጊዜ ቤቱም ዛፉም አብረው ሄዱ፤ ጎረቤቱም በየአቅጣጫው ተበተነ። እኛም ብዙ ሳንርቅ በቂርቆስ ሰፈር፣ ከአንድ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ፣ ቤት ተከራይተን ገባን።

ሕፃን በፎቅ ላይ ሲያድግ እግሩ ከምንጣፍ፣ ዐይኑም ከግድግዳ ርቆ አይሄድም። ይህ ስላሳሰበን በባሕር ማዶ የታተመ፣ የእንስሳትና የአዕዋፍ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ገዛንላት። ወረቀቱ ያማረ፣ ቀለሙም የደመቀ ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የበረዶውን አገር ድብና ፔንግዊን የተባለውን የባሕር ወፍ በጣቷ እያመለከተች መጥራት ጀመረች። እኛም ደስ ብሎን በእንግዳ ፊት እያስጠራን እንመካባት ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን አያቷ «ለቡናው ጤና አዳም አቀብዪኝ» ቢሏት በሶብላውን አንሥታ ሰጠቻቸው። ካዛንቺስ ሳለን ገና በወጉ ሳትናገር በመዓዛው ለይታ ታውቀው የነበረውን ቅጠል ረስታዋለች።

ከዚህ የባሰው ግን በኋላ መጣ። አንድ ቀን ጧት መጽሐፏን ዘርግታ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ፣ አንድ ቁራ መጥቶ ከሰገነቱ ብረት ላይ ዐረፈ። ወፉን አየች፤ መጽሐፉንም አየች፤ ከዚያም «እማማ፣ ይኼ ቁራ አይደለም። የመጽሐፉ ቁራ ጥቁር ብቻ ነው፤ ይኼኛው አንገቱ ላይ ነጭ አለው» አለች። እነሆ፣ ልጃችን በዐይኗ የምታየውን ፍጥረት ትታ ሥዕሉን አመነች። እኛ የምንመልሰው አጥተን ዝም ስንል፣ ፊደል ያልቆጠሩት አያቷ ሣቅ ብለው «ልጄ፣ ቁራውስ ቁራ ነው፤ አገራችን ያልመጣው ሠዓሊው ነው» አሏት።

እውነት ተናገሩ። በከተማችን ጣራና ዛፍ ላይ የምናየው፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው ይህ ቁራ በማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ ከቁራ ወገን ሁሉ በትልቅነቱ ከቀዳሚዎቹ የሚቆጠር ሲሆን ከአፍሪካ ቀንድ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል አይገኝም። የባሕር ማዶው ሠዓሊ የአገሩን ቁራ በትክክል ሥሏል። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ መጽሐፉን ሰጥተን መስኮቱን አላሳየናትምና። ልጅቱም ጠመኔ በውኃ አርሳ የመጽሐፉን ቁራ ማጅራት ነጭ ስትቀባው፣ ዋጋውን አስበን እጃችንን ልንዘረጋ ከጀመርን በኋላ ተውናት።

ያን ዕለት አያቷ የኖኅን ታሪክ አወጉላት። ኖኅ ከመርከቡ የላከው ቁራ መልስ ይዞ አልመጣለትም፤ ርግቧ ግን የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ ተመለሰች። «የቁራ መልክተኛ» የሚለውም አነጋገራችን ከዚህ የመጣ ነው። የሥዕል መጽሐፍም እንዲሁ ነው አልን በልባችን። የሕፃኑን ልብ ወደ ሩቅ ልኮ በዚያው የሚያስቀር አለ፤ ወደ ደጅ ልኮ ቅጠል አስይዞ የሚመልስም አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከሕፃኑ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ነው።

የቀድሞ ልጆች የሥዕል መጽሐፍ አልነበራቸውም ማለት ስሕተት ይሆናል፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መጽሐፋቸው ነበርና። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከስድሳ አንበሶችና ከስድሳ ነብሮች ጋር፣ አቡነ አረጋዊን ወደ ተራራው ካወጣቸው ዘንዶ ጋር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ላይ እያዩ ያድጉ ነበር። ከዚያ ሲወጡ ደግሞ የዐፀዱን ጽድና ወይራ፣ በላዩም የሚያርፈውን ወፍ ያገኛሉ። በሥዕሉና በፍጥረቱ መካከል ያለው አንድ በር ብቻ ነበር። ሰፈራችን በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ቂርቆስም የሦስት ዓመት ሕፃን እንደ ነበረ እናውቃለን፤ ስለዚህ «ሕፃን ምን ያስተውላል» ብሎ መናቅ ለእኛ አይገባንም።

በዚህ ነገር የደከሙ ሰዎችም አሉ። በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በዚያ ለሕፃናት የተዘጋጀ የአማርኛ መጽሐፍ ቢያጡ የማሞ ቂሎን ተረት በሥዕል አሳተሙ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ፣ በሾላ፣ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ኋላም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። በዚያ አንድ ልጅ የአህያ ሥዕል ቢያይ ቀና ሲል አህያዋን ራሷን ሊያገኛት ይችላል። እኛም ለልጃችን የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ያነሰው ቤት ቢኖር አይዘን። በዘመን መለወጫ ወንዶች ልጆች አበባ ሥለው ለየጎረቤቱ የሚያድሉት ወረቀት የሥዕል መጽሐፍ መጀመሪያ ነው። እኛም ያንኑ ዐይነት ወረቀት በክር ሰፍተን መጽሐፍ አደረግነው። በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዐፀዱ ጥቂት እንቆያለን፤ ፍጥረት ለልጆቻችን እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቻ እንዳይታይ ብለን ነው። ልጃችን ያየችውን ትሥላለች፤ አያቷ ስሙን ይነግሯታል፤ እኛ ከሥሩ እንጽፋለን። በዚህ ዐይነት አደይ አበባ፣ ዋኔ፣ ጭልፊትና ጤና አዳም እስካሁን ገብተዋል፤ የጤና አዳሙ ቅጠል ደርቆ ከገጹ ላይ ስለ ተለጠፈ መጽሐፉ ሲገለጥ ይሸታል።

ባለፈው ሳምንት የካዛንቺሱን ጽድ ልትሥል ፈለገች፤ መልኩ ግን ጠፍቶባታል። አያቷ ቁመቱንና የቅርንጫፉን አዘነባበል በእጃቸው እያሳዩ ነገሯት፤ እርሷም ሣለችው፤ በላዩም ነጭ ማጅራት ያለው ቁራ አስቀመጠችበት። የተቆረጠ ዛፍ እንኳ የሚያስታውሰው ሰው ሳለ ለልጅ ሊነገር ይችላል፤ የሚያስታውሰው ሲያልፍ ግን ስሙም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ለልጆቻችሁ የሥዕል መጽሐፍ ግዙ፤ ነገር ግን አያቶችን ከአጠገባቸው አስቀምጡ፤ መስኮቱንም ክፈቱ።