ቡናና ለቅሶ በዶሃ

የሰው ልጅ ሁሉ የሚጋራው ስሜት ወይም ልማድ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ዶሃ ውስጥ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው፤ ከነዋሪው አብዛኛው ከሌላ አገር የመጣ ነውና። ኢትዮጵያውያን ቶሎ የሚያስተውሉት መመሳሰል ቡና ነው።

በኳታሮች መጅሊስ (የእንግዳ መቀበያ ክፍል) ቡና ቀጂው ደላውን (ጀበናውን) በግራ፣ ፍንጃሉን በቀኝ እጁ ይይዛል። የሚቀዳው ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ አፉ ድረስ መሙላት «ጠጣና ሂድ» እንደ ማለት ይቆጠራል። የበቃው እንግዳ ፍንጃሉን ወዝወዝ አድርጎ ይመልሳል። አገር ቤት ደግሞ ሲኒ አጉድሎ የሚቀዳ በስስት ይታማል፤ አቦሉን ጠጥቶ የተነሳም ቶናና በረካ ሳይጠጣ እንዴት ይሄዳል ተብሎ ይያዛል። አቀዳዱ ተቃራኒ ቢሆንም የሁለቱም ዓላማ እንግዳን ማክበር ነው።

ይህ መመሳሰል ግን የጋራ ተፈጥሮ ማስረጃ አይሆንም። ቡና ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በ15ኛው መቶ ዘመን የየመን ሱፊዎች የሌሊት ዚክር (አላህን የማውሳት ጸሎት) ማንቂያ ሆነ፤ ከዚያ ወደ መካና ካይሮ ዘለቀ። ፍንጃልና ሄል የሚሉት ቃላት በተራቸው በዐረብኛ በኩል ወደ አማርኛ ገቡ። ጎረቤታሞች የተዋዋሱት ነገር ስለ ጉርብትናቸው እንጂ ስለ ሰው ዘር ብዙ አይናገርም። አንትሮፖሎጂስቱ ኤድዋርድ ታይለር በ1888 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ከ300 የሚበልጡ ሕዝቦችን የጋብቻ ልማድ አነጻጽሮ ሲያቀርብ፣ ፍራንሲስ ጋልተን ስንቱ ከሌላው የተወረሰ እንደሆነ በምን ይታወቃል ሲል የጠየቀው ይህንኑ ነው።

ሐዘን ይህን ፈተና ከቡና በተሻለ ያልፋል። ወንድሙ የሞተበትን ሰው ማዘንን ጎረቤት አያስተምረውም፤ አለቃቀሱን ግን ያስተምረዋል። በአማራ ለቅሶ ሙሾ ይወርዳል፣ ደረት ይደቃል፣ ድምፅ አውጥቶ ያላለቀሰ ዘመድ ይታማል። በኳታር እንባ የተፈቀደ ሲሆን ዋይታና ደረት መድቃት በሃይማኖቱ የተነቀፈ ነው፤ ወንዶቹ በተቀመጡበት መጅሊስ እጅ እየተጨባበጡ «አዘመላሁ አጅረክ» (አላህ ምንዳህን ያብዛው) ይባባላሉ፣ መራራ ቡና ይቀምሳሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን በ1969 እ.ኤ.አ. ስሜትን ስሜት ከሚገለጥበት ደንብ ለይተው ጽፈዋል። ዝምታውን አይቶ «አላዘኑም» የሚል አበሻም፣ ጩኸቱን ሰምቶ «እምነት ጎደላቸው» የሚል ኳታሪም ደንቡን ከስሜቱ ጋር አምታተውታል።

የደንቡም ወሰን የአገርን ድንበር አይከተልም። የወሎ ሙስሊም ሴት ባሏ ሲሞት እንደ ኳታሪቷ ሁሉ አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ (የሐዘን ጊዜ) ትቀመጣለች። ደንቡን ኑሮም ይለውጠዋል፦ አገር ቤት መርዶ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል፤ ዶሃ ላይ ግን ወዳጆች ለዚሁ ሲመካከሩ ብዙ ጊዜ ስልክ ይቀድማቸዋል።

በኳታር ለቅሶ መድረሻው ሦስት ቀን ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያንም ሣልስት አላቸው። ይህ ቁጥር ከእንባው ይልቅ የቡናው ወገን ይመስላል፤ እስልምናም ክርስትናም የበቀሉት በአንድ አካባቢ ነውና።