ያልዞረችው ቁልፍ

ፎቶግራፍ ማንሳት ለመልመድ የሚሹ ወጣቶች ዛሬም አሮጌ የፊልም ካሜራ ሲያፈላልጉ አያለሁ። ከርካሾቹ አንዱ ዜኒት ነው። እኔም የጀመርኩት በእሱ ነበርና አንድ ነገር ልንገራቸው።

ዜኒት-ኢ ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ በሞስኮ አቅራቢያ በምትገኘው ክራስኖጎርስክ በሚሊዮን ቁጥር የተመረተ ካሜራ ነው። የእኔን ያመጣልኝ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ የነበረው አጎቴ ነው። ከባድ ነው፤ ሲያነሳ ድምፁ በር የተዘጋ ያህል ይሰማል። ነገር ግን ባትሪ አይፈልግም፤ የብርሃን መለኪያው እንኳ የሚሠራው በራሱ በብርሃኑ ኃይል ነው። ይህ ለእኔ፣ ለሚዛን ተፈሪው ልጅ፣ ትልቅ ነገር ነበር። ፍጥነቱ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ስለሆነ፣ በቡናው ጥላ ዛፎች ሥር 1/30 ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼን ውጬ ነበር የማነሳው።

በ1982 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ቴፒ ወረድኩና እናቴን ቡና ስትለቅም አነሳኋት። ፎቶግራፍ አትወድም ነበር። ያን ቀን ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቅርጫቷን እንደያዘች፣ «በል እንግዲህ አንሳኝ» አለችኝ። ቆጣሪው 36 ደረሰ፤ 38ን አለፈ፤ 40 ሆነ። ፊልሙ በረከተልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ጅማ ልኬ ያሳጠብኩት ፊልም ባዶውን ተመለሰ። አጣቢው አበላሽቶብኛል ብዬ በቁጣ ሄድኩ። ሰውየው ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አሳየኝ። የዳርና ዳሩ ቁጥሮች ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ መሐሉ ግን ምንም የለበትም።

«መድኃኒቱማ ሠርቷል» አለኝ። «ፊልሙ ካሜራህ ውስጥ አልተንቀሳቀሰም። ቆጣሪው የሚቆጥረው ጣትህን እንጂ ፊልሙን አይደለም።»

ጫፉን በደንብ ሳላስይዝ ክዳኑን ዘግቼው ኖሯል።

ስለዚህ ዜኒት የምትገዙ ሁሉ፣ ሌንሱን በብርሃን አሳልፋችሁ እዩት፤ እንደኛ ባለ እርጥብ አገር ሻጋታ ያበቅላል። መለኪያውንም ፈትሹ፤ በእርጅና ደክሞ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ግን ፊልም አስገብታችሁ ስትዘጉ፣ በስተግራ ያለችውን የመጠቅለያ ቁልፍ ተመልከቱ። ፊልሙን በገፋችሁ ቁጥር እሷም አብራ ከዞረች፣ ፊልሙ እየሄደ ነው።

እናቴ የሚቀጥለውን ለቀማ አላየችም። ካሜራው አሁንም ደህና ይሠራል። ፊልም ባስገባሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ግን በዚያች ቁልፍ ላይ ነው።