በልደታ፤ ስለ አደን ጠመንጃ ካዝና

በልደታ ማርያም ደጅ ተሳልመን፣ ቦሌ ከመሠራቱ በፊት አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው ሜዳ በኩል አልፈን ከአጎቴ ቤት ደረስን። የአደን ፈቃድ ያገኘው ወንድሜ፣ ከግድግዳው ከተሰቀሉት ከለበንና ከመውዜር አንዱን ሊመርጥ ነበር።

በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳዩ ለበን 8 ጥይት ከአፈሙዙ በታች ባለው ቧንቧ በተርታ ያስተኛል፤ ሲሞሉት ግን አንድ በአንድ ነው፤ በተተኰሰም ቍጥር የፊቱ ክብደት ይቀንሳል። መውዜሩ 5 ብቻ ቢይዝም፣ ባንድ ማያያዣ የተደረደሩት ጥይቶች ባውራ ጣት ግፊት ባንድ ጊዜ ወደ ካዝናው ይወርዳሉ።

ወንድሜ የጥይቱን ብዛት ወድዶ ለበኑን ሲያነሣ፣ አጎቴ ወደ ጣራው አመለከቱ። «ባዶ መስሎኝ ቃታውን ብስብ፣ ከቧንቧው የቀረ አንድ ጥይት ጐርሶ ኖሮአል» አሉ። ቀዳዳው ዛሬም ብርሃን ያስገባል። ወንድሜም መውዜሩን ይዞ ወጣ።