የከፈልንበት ጌም የማን ነው?

«ዘ ክሩ» የሚባለውን የመኪና ጌም ታስታውሱታላችሁ? ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያስነዳው። ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። ብቻችሁን ስትነዱ እንኳ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም ነበርና፣ ዲስኩ በእጁ ያለ ሰውም መጫወት አልቻለም።

ይህ ያናድደኛል። ወንበር የሸጠልን ነጋዴ ከዓመታት በኋላ ቤታችን ገብቶ ቢወስደው ዝም እንላለን?

ዩቲዩበሩ ሮስ ስኮት ዝም አላለም። በዚያው ዓመት «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» የተባለውን ዘመቻ ጀመረ፤ ለአውሮፓ ኅብረት የተዘጋጀው አቤቱታም በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። ሰርቨር ማንቀሳቀስ ወጪ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። የዘመቻው ጥያቄ ግን ሰርቨሩ ለዘላለም ይከፈት የሚል አይደለም። ኩባንያው ድጋፉን ሲያቆም፣ የገዛው ሰው መጫወቱን የሚቀጥልበትን መንገድ ይተውለት የሚል ነው። ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማድረግ ወይም ተጫዋቾች የራሳቸውን ሰርቨር እንዲያቆሙ መፍቀድ ይቻላል።

ካሊፎርኒያ በ2024 ባጸደቀችው ሕግ፣ የዲጂታል ሻጮች «ግዛ» ሲሉ የሚሸጡት የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ በግልጽ እንዲናገሩ አስገድዳለች። ጥሩ ጅምር ነው፤ ማስታወቂያ ብቻውን ግን የተዘጋ ጌም አይከፍትም።

ጌም የሠዓሊው፣ የሙዚቀኛው፣ የፕሮግራመሩ የዓመታት ድካም ነው። ፊልምና መጽሐፍ ለልጅ ልጅ እንዲተርፉ የምንጠነቀቅ ከሆነ፣ ጌምም ያው ክብር ይገባዋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ሰርቨሩ ሲዘጋ ምን ይቀርልኛል?