ፔጆዋን ከማየትህ በፊት መካኒኳን ፈልግ

ወዳጄ፣ ቡናው እስኪፈላ ስለ መኪና እንጫወት። «አንዲት የቆየች የፈረንሳይ መኪና ተገኝታለች፤ ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ የሚያማክር ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ዛሬም አይጠፋም። እኔም ሐሳቤን ሳልሸፍን ልንገርህ።

ጥያቄው እዚህ መነሳቱ ተገቢ ነው። ድሬን የቆረቆራት በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የደረሰው ባቡር ነው። የከዚራ ሰፈርን ቀጥ ያሉ መንገዶች ያስቀየሱት፣ ትልቁን የባቡር ጥገና ጋራዥም ያቆሙት ፈረንሳዮቹ ናቸው። በዚያ ጋራዥ የጎደለ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ አይጠበቅም ነበር፤ ቶርኖ ላይ ተፈትሎ ይሠራ ነበር። ወደ ሐረር ብትወጣ ደግሞ ፔጆ 404 ለአሥርት ዓመታት የከተማው ታክሲ ነበረች። ባጃጅ ሳይበዛ በፊት ፈረስ መጋላ አደባባይን ያለ ፔጆ ማሰብ ይከብድ ነበር።

ታክሲ ሆና ስለኖረች ግን አትናቃት። እ.ኤ.አ. በ1960 ስትወጣ ቅርጿን የነደፈው ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና ነው፤ በጊዜዋ የተከበረ ሰው መኪና ነበረች። ጉልበቷንም በጎረቤት አገር አስመስክራለች፤ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። 1,618 ሲሲ ሞተሯ የተሠራው ለጥገና እንዲመች ተደርጎ ነው። ሲሊንደሮቿ ተነቅለው የሚቀየሩ ስለሆኑ፣ ሞተር ሲወርድ ብሎኩን እንደገና መቦርቦር ግድ አይሆንም። ዕድሜዋ የረዘመው በዚህ ጭምር ነው።

ደካማ ጎኗ ሙቀት ነው። ቴስታታዋ አሉሚኒየም በመሆኑ አንዴ በደንብ ከሞቀች ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑ ይበላል፤ ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ድሬ ደግሞ ሙቀቷን ታውቀዋለህ። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ዞር ዞር አድርገህ «ጥሩ ትሄዳለች» እንዳትል። ወደ ደንገጎ ዳገት ይዘሃት ውጣ። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስተህ ወደ 2,000 ሜትር ስትጠጋ ዓይንህ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። 404 ሙቀቱን እየለየ በኤሌክትሪክ የሚያያዝና የሚላቀቅ ቬንትሌተር አላት፤ ስትሞቅ መነሳቱን በጆሮህ አረጋግጥ። ዳገቱን ሳትፈላ ከወጣች፣ ሻጩ ከሚነግርህ ይልቅ እሷ ራሷ ነግራሃለች።

ላሜራዋን በተመለከተ የድሬ ደረቅ አየር ይረዳሃል፤ እንደ ባሕር ዳርቻ ጨው ብረት አይበላም። ሆኖም ምንጣፉን ገልጠህ ወለሉን እይ፤ በጣትህ መታ መታ እያደረግህ ስቱኮ የተሞላበትን ቦታ ለይ። ፀሐዩ የሚጎዳው ጎማውን፣ የበር ላስቲኩንና የራዲያተር ቱቦውን ስለሆነ እነሱን እንደምትቀይር አስበህ ዋጋ ተነጋገር።

እውነተኛውን የፈረንሳይ ቅንጦት፣ ሲትሮየን ዲኤስን የሚመኝም አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 ፓሪስ ላይ ስትታይ ዓለምን ያስደነቀች መኪና ናት። ሞላዋን፣ ፍሬኗን፣ መሪዋንም በግፊት የሚያሠራው አንድ የዘይት ሥርዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀይ፣ ከእ.ኤ.አ. 1967 ሞዴል ጀምሮ ያሉት አረንጓዴ ዘይት ይጠቀማሉ፤ ተሳስቶ አንዱን በሌላው ቦታ የሞላ ሰው የውስጥ ጎሚኒዎቹን በሙሉ ያበላሻል። ውበቷን እወዳለሁ። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ከሌለ ግን አትግዛት እልሃለሁ።

ወረቀቱንም አትርሳ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ይግጠም፤ የእነዚህ መኪናዎች ሞተር ብዙ ጊዜ ተቀይሯልና። ዕዳና እግድ እንደሌለባት፣ ቦሎዋም እንዳልተቋረጠ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ራስህ ጠይቅ። «ሌላ ከውጭ አስመጣለሁ» ማለት አሁን አይሠራም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያለን አገር ውስጥ ያለው ነው።

ለእኔ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለችን መኪና በሕይወት የሚያቆያት የሚያውቃት ሰው ነው። ካርቡራተሯን በጆሮው ብቻ የሚያስተካክል፣ የጠፋውን ዕቃ ቶርኖ ቤት ወስዶ በልክ የሚያሠራ መካኒክ ከተማህ ውስጥ ካለ፣ 404 መግዛት ዕብደት አይደለም። ከሌለ የቱንም ያህል ብትረክስ ውድ ናት። ስለዚህ ገንዘብህን ሳትቆጥር በፊት መካኒኩን ፈልግ፤ ደንገጎም አብሮህ ይውጣ፤ ለሰጠህ ጊዜም ተገቢውን ክፈለው።

ከገዛሃት ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። መካኒኩ በዕድሜ የገፋ ሊሆን ይችላልና፣ መኪናዋን ባስገባህ ቁጥር አንድ ወጣት ረዳት አጠገቡ ቆሞ እንዲማር ጠይቅ፤ የረዳቱንም የቀን ሒሳብ አንተ ቻል። ይህን ለማድረግ ልብህም ኪስህም ከፈቀደ ግዛት፣ ይቅናህ። የምትፈልገው ጠዋት አስነስቶ ሥራ መሄድ ብቻ ከሆነ ግን ለሌላ ሰው ተዋት።